የታታሚ ሠሪው ቀይ ማኅተም

ቶኪዞ ኩሳካ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜው ስንት ጊዜ መነጽሩን ቤት እንደረሳ የቆጠረ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ነገሩ ገና ድሮ ይነቃበት ነበር። ግን ማን ይቆጥራል? ሰው ሁሉ የየራሱን ጉድ ሲሸሽግ የሌላውን የሚያይበት ጊዜ የለውም። ባንክ ቤት ቅጽ ሙላ ሲሉት መነጽሩን ረስቷል። የወላጆች ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲታደል መነጽሩን ረስቷል። ምግብ ቤት ገብቶ የምግብ ዝርዝር ሲያቀርቡለትም ረስቷልና፣ አጠገቡ ያለው ሰው የሚበላውን በአገጩ እየጠቆመ «እሱን አምጡልኝ» ይላል፤ በዚህ የተነሳ የማይወደውን ቀዝቃዛ ኑድል ሲበላ ኖሯል። እውነቱን ለመናገር ቶኪዞ መነጽር የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። ዓይኑ ከጎረምሳ ዓይን ይበልጣል።

ችግሩ ፊደል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሶ ይዞት የወጣው ቁጥርና የገዛ ስሙን ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቢያሳዩት ብዙዎቹን ያውቃቸዋል፤ ችግሩ ሲሰለፉ ነው። የሁለተኛውን ድምፅ እስኪያስታውስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። በልጅነቱ ክፍል ውስጥ በተቀመጡበት ተራ እየተነሱ ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር፤ ቶኪዞ ከፊቱ የቀሩትን ልጆች ይቆጥርና ተራው ሳይደርስ ጓደኛው አንቀጹን በጆሮው እንዲያንሾካሽክለት ይለምናል። የተንሾካሾከለትም አይያዝለትም። አስተማሪው ውሃ የሞላ ባልዲ በሁለት እጁ አስይዞ ኮሪደር ላይ ያቆመዋል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ አባቱ በቀርከሃ ማስመሪያ ይጠብቀዋል። ሁለቱም የሚጠሩት በአንድ ስም ነበር፤ ሰነፍ ይሉታል።

ስለዚህ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን ተወና የአባቱን ሙያ ያዘ። በጃፓኗ የወደብ ከተማ በኦኖሚቺ ያለው የደረጃ ሰፈር መኪና አይገባበትም፤ ታታሚ የሚባለው ወፍራም የሣር ምንጣፍ የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው። ቶኪዞ ሠላሳ ኪሎ ምንጣፍ አዝሎ ሁለት መቶ ደረጃ ይወጣና ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ሰላምታ ይሰጣል። ደግሞም የድሮ ቤት ክፍል ሁሉ ጎባጣ ስለሆነ የአንዱ ጥግ ምንጣፍ ሌላው ጥግ አይገባም፤ ሌሎቹ ባለሙያዎች ከምንጣፉ ጀርባ «በሩ አጠገብ፣ ግራ» ብለው ይጽፉበታል። ቶኪዞ ሥዕል ይሥልበታል፤ ዓሣ፣ መሰላል፣ ግማሽ ጨረቃ፣ የድመት ጆሮ። ደንበኞቹ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የሙያ ምስጢር ይመስላቸዋል፤ አንዱ እንዲያውም ፎቶ አንስቶታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ያወቀችበት ሚስቱ ናሚኤ ብቻ ነበረች። በተጋቡ በወሩ አወቀች፤ አንድ ቀን ግን አንስታበት አታውቅም። በሰፈሩ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ተያይዞ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ያነበበ ሰው የቤቱን ማኅተም ያሳርፍና ለጎረቤቱ ያቀብላል። ናሚኤ ሰሌዳው ሲደርሳት ሳህን እያጠበች ለራሷ እንደምታነብ ሰው ጮክ ብላ ታነባለች፤ ቶኪዞም እንደማይሰማ ሰው ክሩን እየሳበ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ይህም ፍቅር ነው፤ ስንቱ ባልና ሚስት ከዚህ ባነሰ ነገር ይኖራል።

ናሚኤ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቶኪዞ ሰሌዳው ሲመጣ ማኅተሙን ቀይ ቀለም አስነክቶ ቷ ያደርግበትና ያሳልፈዋል። ቦይ ጠረጋ በሆነ ቀን ተኝቶ አረፈደ፤ ጠረጋው ሌላ ቀን ሆኖ ሳለ ደግሞ አካፋ ይዞ ብቻውን ወጣ። አንድ ጠዋት ሳሙና ተቀብቶ ውሃው ቢጠፋበት አረፋው እንደተደፈደፈ ወደ ጎረቤቱ ወደ ወይዘሮ ሂሳኖ ቤት ሮጠ።

«ማኅተምህ እኮ ወረቀቱ ላይ አለ» አለችው ሴትዮዋ አንድ ጣሳ ውሃ ራሱ ላይ እየቸለሰችበት። «ውሃ ይቋረጣል ይላል፣ ከሥሩ ኩሳካ ይላል። ሰው ማኅተሙን ካሳረፈ አየሁ ማለቱ አይደለም እንዴ?»

«መነጽሬን…»

«አንተዬ፣ መነጽርህን ከናሚኤ ጋር ቀበርከው ልበል?»

ሳታውቀው እውነቱን ነው የተናገረችው። ቶኪዞ ሳቀላት፤ ቤቱ ገብቶ ግን ቀኑን ሙሉ አልሠራም።

በዚያው ዓመት መከር ላይ ከደረጃው ጫፍ ያለ አንድ ቤት ስምንት ምንጣፍ አዘዘው። የባለቤቶቹ ልጅ ዶክተር ቴራጂማ ሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ ናት፤ ዕረፍት መጥታ ነበርና ቶኪዞ ምንጣፎቹን ሲያነጥፍ ሻይዋን ይዛ ታየዋለች። ከጀርባ ያሉትን ሥዕሎች አየች። የጨርቁን ጠርዝ ሲያስተካክል መርፌ ውስጥ ክር በአንድ ጊዜ ሲያስገባም አየች። ሲጨርስ የርክክብ ወረቀት ብትዘረጋለት መነጽሬን ረስቼዋለሁ አላት። ልጅቱ አልሳቀችም። በማግስቱ ግን ወደ ሱቁ ወርዳ የማጠናው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል ያስቸገራቸውን ሰዎች ነው፣ አንጎላቸው የንግግርን ድምፅ እንዴት እንደሚቀበል እንለካለን፣ ፈቃደኛ ይሆኑ እንደሆነ ብዬ ነው አለችው።

ቶኪዞ ገነፈለ። ደንቆሮ ነህ ልትዪኝ ነው የመጣሽው ብሎ ጮኸባት፤ የሚሰፋውን ምንጣፍ በጉልበቱ ረግጦ ሂጂልኝ አላት። ልጅቱ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችና በሩን ስትስብ «ስንፍና ግን አይደለም፣ አቶ ኩሳካ» አለች።

ይህን ቃል ማንም ተናግሮት አያውቅም። ናሚኤ እንኳ አላለችውም፤ ናሚኤ ዝም ነበር ያለችለት። ዘጠኝ ቀን አመነታ። በአሥረኛው ቀን ደረጃውን ወጥቶ ለልጅቱ እናት ሐሙስ እንደሚሄድ ነገራቸውና መልስ ሳይጠብቅ ወረደ።

ሦስት ሐሙስ በባቡር ተመላለሰ። መጀመሪያ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያሰሙ ድገም አሉት። አጫጭሮቹን ደገመ፤ ረዘም ሲሉ መሀላቸው ይሰወርበታል፤ ኮሪደር የሚያስወጣው ሰው ከየት እንደሚመጣ ብቻ ይጠብቃል። ከዚያ ሽቦ የተሰካበት ቆብ አጠለቁለት፤ ፀጉሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ቅባት አደረጉበት። ድምፅ የሌለው ፊልም ከፍተውለት ፊልሙን ብቻ ይዩ፣ በጆሮዎ ለሚመጣው አይጨነቁ አሉት። በጆሮው «ባ፣ ባ፣ ባ» ይላል፤ አልፎ አልፎ «ዳ»። አርባ ደቂቃ እንዲህ ሰማ። ለዚህ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ብሎ አሰበ።

በሦስተኛው ሐሙስ ዶክተሯ ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዙራ ሁለት መስመር አሳየችው፤ አንዱ ጉብታ አለው፣ ሌላው ዝርግ ነው።

«ጆሮዎ ደህና ነው፤ ከእኔም ይሻላል» አለችው። «ድምፅ ግን ጆሮ ላይ አያበቃም። የሚለየው አንጎል ነው። አንድ ድምፅ ሲደጋገምለት የብዙ ሰው አንጎል ይለምደዋል፣ ‘አውቀዋለሁ’ ይልና ብዙም አይደክምበትም። ሌላ ድምፅ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ሰውየው ልብ ሳይል አንጎሉ ይነቃል፤ ይሄ ጉብታ እሱ ነው፤ ዝርጉ የእርስዎ ነው። እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ላይ ግን ልማዱ ቶሎ ይጠፋል። አንጎላቸው መቶ ጊዜ የሰማውን ድምፅ በመቶ አንደኛውም እንደ እንግዳ ነው የሚቀበለው። የሚቀራረቡ ድምፆች ሲመጡ ድንበራቸው አይጠራለትም። ፊደል ደግሞ የሚለጠፈው ድምፅ ላይ ነው።»

«ወለሉ ካልረጋ ምንጣፍ አይቀመጥም» አላት ቶኪዞ።

ልክ ነው አለችው። ከአንድ ሰው መስመር ብቻ ተነስቶ እርግጡን መናገር እንደማይቻል፣ ሊቃውንቱም ገና እንደሚከራከሩበት ነገረችው፤ ሐቀኛ ልጅ ናት። ቶኪዞ ደስ ይለው ይሆናል ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም። ደስ አላለውም። ተናደደ። ሃምሳ ዓመት የተሸከመውን ስም አንድ ዝርግ መስመር ፋቀለት፣ ግን የሚያፋጥጠው ሰው የለም። አስተማሪው ሞቷል፣ አባቱ ሞቷል፣ ባልዲው እንኳ ዝጎ አልቋል።

«ልጆች አሉዎት?» ብላ ጠየቀችው ዶክተሯ ቆቡን እያወለቀችለት። «ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል።»

አንድ ወንድ ልጅ አለኝ አላትና ጃኬቱን አነሳ።

ልጁ ሚኪዮ ነው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ናሚኤ ሳንባዋን ታማ ስምንት ወር ሆስፒታል ተኛች፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ልጁ ፊደል አልገባ አለው። ቶኪዞ ይህን ሲያይ እንደ እኔ እንዳይሆን ብሎ ማለ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቀኑ ሱቁ ወለል ላይ ያንበረክከውና መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያስነብበዋል። እሱ ይሰፋል፣ ልጁ ያነባል፣ የቀርከሃው ማስመሪያ የልጁ ጭን ላይ ያርፋል። ‘ሰነፍ’ የሚለው ቃል ከአባቱ አፍ ሲወጣ እንደነበረው ሆኖ፣ በዚያው ድምፅ፣ ከእሱም አፍ ወጣ። ናሚኤ ድና ስትመጣ ማስመሪያው ቆመ፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ አባቱ ባለበት ክፍል አይቀመጥም ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ኢኖሺማ ደሴት ላይ መርከብ መሥሪያ ገብቶ ቀረ። አርባ ደቂቃ በአውቶቡስ ነው፤ ሲርቅ ግን ከአገሩ ሰሜን ጫፍ ከሆካይዶ ይርቃል። ለእናቱ ቀብር መጣ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ አጎንብሶ ሰላም አለና ሄደ።

ቶኪዞ አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ልጁ ዘንድ ሄዶ ሰነፍ አልነበርክም፣ ደማችን ነው ሊለው። ይህን ቢሰማ አንድ ቀን አባዬ ይለው ይሆናል። ከዚህ ሌላ የቀረው ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም አይፈልገውም።

ግን ባዶ እጄን እንዳልሄድ፣ በእርግጥም እንደ እኔ መሆኑን ላረጋግጥ ብሎ ናሚኤ የልጁን ዕቃ ያስቀመጠችበትን ሳጥን ከፈተ። የመገናኛ ደብተሩ በክር ታስሮ ተቀምጧል። አስተማሪዋ በየቀኑ የምትጽፍበት፣ ወላጅ አንብቦ ማኅተሙን የሚያሳርፍበት፣ ልጅ ጠዋት የሚመልሰው ደብተር ነው። በእነዚያ ስምንት ወራት የሚያትመው ቶኪዞ ነበር። ምን ተጽፎበት እንደሆነ ግን የሚያውቀው ነገር የለም፤ ነገ የዋና ልብስ ይያዝ የሚል ይሆናል ብሎ ነበር። ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ለአራተኛ ሐሙስ ሂሮሺማ ወሰደው።

ዶክተሯ ገልጣ በዓይኗ ማንበብ ጀመረች። ቀጠለች። ፊቷ ሲለወጥ አየና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አላት። ሌላ ቀን ብናደርገው አለችው። አሁን አላት።

«‘ሚኪዮ ሲናገር ንቁ ልጅ ነው፤ ንባብ ላይ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ይቸገራል። ቤትም እንዲህ ነው?’» ብላ አነበበች። ከሥሩ ቀይ ማኅተም አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጻፈው ረዘም ይላል። መምህርት ኡሱኢ፣ የልጁ አስተማሪ፣ ስንፍና አይመስለኝም ብላለች። ድምፆችን ለይቶ መያዝ የሚያቅተው ይመስለኛል፤ ወደቡ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉ ልጆችን በሳምንት አንድ ቀን የሚያስተምር የንግግር ክፍል አለ፤ የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው ብላለች። ማኅተም። በዝናቡ ወር ማብቂያ ደግሞ፣ ሥራ በዝቶብዎት እንደሆነ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ፣ እሺ ብለው አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ ብላለች። ማኅተም። ከክረምቱ ዕረፍት መልስ የልጁ ጭን ላይ ሰንበር አይቻለሁ፣ እባክዎን ስለ ንባብ አይምቱት ብላለች። ከእሱም ሥር ማኅተሙ አለ፤ ቀጥ ብሎ፣ ጠርዙ ሳይበላሽ፣ በባለሙያ እጅ የታተመ።

ዶክተሯ ገጹን ገለጠች። የመጨረሻው የጥቅምት ነበር።

«‘ከማስታወሻዎቼ ሁሉ ሥር ማኅተምዎን አይቻለሁ። አንብበው መልስ አለመስጠትዎ መልስ መሆኑ ገብቶኛል። ከእንግዲህ አላነሳብዎትም። ነገ የእጅ ሥራ ስላለ ሚኪዮ መቀስ ይያዝ።’»

ከሥሩ ኩሳካ ይላል።

ቶኪዞ ሴትዮዋን አስታወሳት። ቀጭን ናት፣ አረንጓዴ ጃንጥላ ነበራት። አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ ስለ ደብተሩ ልታነሳ አፏን ስትከፍት፣ ምን ጽፌያለሁ ብላ እንዳትጠይቀው ፈርቶ «አይቻለሁ፣ አይቻለሁ» ብሎ በቁሙ ሸኝቷታል። በልጁ መዳንና በልጁ መሀል የቆመው ያ ፍርሃት ነበር፤ ሌላ ጠላት አልነበረም። ናሚኤስ? ደብተሩን በክር ያሰረችው እሷ ናት። አንብባው ነው ያሰረችው ወይስ ሳታነብ? ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ስትበላ ይህን እያወቀች ነበር? ከዚያ በላይ ሊያስብ አልፈለገም።

እሑድ ዕለት ማንጁ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ አንድ ሳጥን ገዝቶ ኢኖሺማ ሄደ። የልጁ አድራሻ ምራቱ ለአዲስ ዓመት በምትልከው ካርድ ላይ አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ለሹፌሩ ካርዱን ዘረጋና እንደ ልማዱ «መነጽሬን» ብሎ ጀመረ። ከዚያ አፉን ዘጋ። «ማንበብ አልችልም። የት ልውረድ?» አለ። በሕይወቱ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሹፌሩ ካርዱን አየና ከድልድዩ ቀጥሎ አራተኛው ፌርማታ ነው አባባ፣ ይቀመጡ አለው። በቃ። ይህችን ፈርቶ ነው ልጁን ያጣው።

መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። አስተማሪዋን እምቢ ያልኳት አይደለም፣ ማንበብ ስላልቻልኩ ነው ቢለው፣ ልጁ ቂሙን የሚይዝበት ነገር አይኖረውም ብሎ አሰበ። አላዋቂ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም፤ ለአላዋቂ ደግሞ ይቅርታ ይገኛል።

በሩን የከፈተችለት ምራቱ ቺጉሳ ናት። ደንግጣ አባባ አለችውና አስገባችው። የሰባት ዓመት ልጃቸው ማሆ ወለሉ ላይ ሥዕል ትቀባ ነበር፤ እናቷ እጇን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደቻት። ሚኪዮ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ የብየዳ ፍንጣሪ የጠባሰው ክንዱ ከአባቱ ክንድ ይወፍራል።

«ምን ጉዳይ ገጥሞዎት ነው?» አለው። ድሮ አንተ ነበር የሚለው።

ቶኪዞ እንደሸመደደ ተማሪ ሁሉንም ነገረው፤ ቆቡን፣ «ባ» እና «ዳ»ን፣ ጉብታውንና ዝርጉን መስመር፣ በዘር መሄዱን። ሰነፍ አልነበርክም አለው።

«አውቃለሁ» አለው ሚኪዮ ሲጨርስ። «ማሆ ከሚያዝያ ጀምሮ የንግግር ክፍል ትገባለች። አስተማሪዋ ደብተሩ ላይ ጻፈች፣ ቺጉሳ አነበበችልኝ፣ በዚያው ቀን መልስ ላክን። አንድ ቀን ነው የፈጀው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቶኪዞ ማንጁውን ገፋ አደረገለት፤ ሚኪዮ አልነካውም።

«መምህርት ኡሱኢ» አለ ሚኪዮ፣ «ክፍል ስንዘዋወር ጠርታኝ አለቀሰች። አባትህ ሁሉንም አይቶታል፣ ማኅተሙ አለበት፣ እኔ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም አለችኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንብበው እንደከለከሉኝ ነው የማውቀው። ምን አድርጌዎት እንደሆነ ሳስብ ነው ያደግሁት።»

ያዘጋጀው ቃል ጊዜው ደረሰ። ቶኪዞ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«አላነበብኩትም» አለ። «ማንበብ አልችልም። ችዬም አላውቅም። ለእኔ የምታነብልኝ እናትህ ነበረች፤ እሷ ሆስፒታል ነበረች። ዝም ብዬ ነው ያተምኩት ልጄ።»

ቺጉሳ ሻይ ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች። ሚኪዮ አባቱን ትክ ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ላላ፣ ቶኪዞም አየው። ይሄው፣ ገባው ብሎ ተስፋ አደረገ።

«ማንበብ አትችልም ነበር» አለ ሚኪዮ ቀስ ብሎ።

«አልችልም ነበር።»

«አንድ ፊደል እንኳ?»

«ሲሰለፉ አልችልም።»

ሚኪዮ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። የሆነ ነገር ያሰላ ነበር።

«ከትምህርት ቤት ስመለስ ታስነብበኝ ነበር» አለ። «በየቀኑ። ስሳሳት ነበር የምትመታኝ።» ቀና አለ። «መሳሳቴን በምን ታውቅ ነበር?»

ቶኪዞ ለመዋሸት የሃምሳ ዓመት ልምድ ነበረው። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ እናትህ ነግራኝ፣ መጽሐፉን በቃሌ ይዤው፣ ማንኛውም ነገር። አፉ ግን አልታዘዘውም።

«አላውቅም ነበር» አለ። «ስትቆም ነበር የምመታህ። ድምፅህ ሲፈራ።»

ውስጠኛው ክፍል ማሆ ለብቻዋ ታወራለች። ቺጉሳ ሻዩን የትም ሳታስቀምጥ ተመልሳ ገባች።

«በትክክል ያነበብኩበት ቀን ነበር ማለት ነው» አለ ሚኪዮ።

ለቶኪዞ የነበረው መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ሳይኖር አይቀርም።»

ሚኪዮ ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ተነስቶ ወደ መግቢያው ሄደና፣ ለሚሸኝ እንግዳ እንደሚደረገው፣ የአባቱን ጫማ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጠለት።